የሐረር ሸማ ለምን ጠፋ? የሐረር ስፌት ለምን ቆየ?

ሐረር በእጅ ሥራዋ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። ዛሬ ይህ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስፌቷን ነው፤ ጁገል በሚባለው ባለ ቅጥሩ አሮጌ ከተማ ቤቶች ግድግዳ ላይ በረድፍ የሚሰቀለውን፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በወይን ጠጅና በጥቁር ቀለም ያጌጠውን የሣር ሥራ። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ግን የሐረርን ስም ከቅጥሯ ውጭ ይዞ የሚዞረው ሸማዋ ነበር። ጥጡ በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች ይበቅላል፤ ሴቶች ይፈትሉታል፤ በከተማዋ ይሸመናል፤ ዳሩ ላይ ደማቅ ቀይ ጥለት ይወጣለታል። በሶማሌ ባሕር ዳርቻ የሐረር ሸማ የተሰጠው ሰው ትልቅ ስጦታ እንደ ተቀበለ ይቆጥረው ነበር። ያ ሸማ ዛሬ የለም። ስፌቱ ግን አለ። ሁለቱም በአንድ ቅጥር ውስጥ የኖሩ፣ በአንድ ሕዝብ እጅ የተሠሩ፣ አንድ ዓይነት የታሪክ ማዕበል የመታቸው ጥበቦች ናቸው። ታዲያ አንዱ ጠፍቶ ሌላው የቆየው ለምንድን ነው? የብዙ ሰው መልስ ፋብሪካ ጨርቅ ስለ ሠራና ስፌት ስላልሠራ ነው የሚል ይሆናል። ይህ መልስ ግማሽ እውነት አለው፤ ሌላው ግማሽ ግን ከዚህ ይበልጣል። የአንድን የእጅ ሥራ ዕድሜ የሚወስነው ባህሉ ከሰው የሚጠይቀው ዕቃውን ብቻ መሆኑ ወይም መሥራቱንም ጭምር መሆኑ ነው። ባህል ዕቃውን ብቻ ሲጠይቅ ዕቃው ከየትም ሊመጣ ይችላል። መሥራቱንም ሲጠይቅ ግን ሙያው ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉ የግድ ይሆናል።

ስለ ሐረር ሸማ ከተጻፉት ማስረጃዎች ግልጹ የሪቻርድ በርተን ነው። ይህ እንግሊዛዊ መኮንን በ1847 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መግቢያ ለአሥር ቀናት ያህል በሐረር ቆይቶ፣ ያየውን በቀጣዩ ዓመት በመጽሐፍ አሳትሟል። በርተን ሸማውን የገለጸው ዕቃ እንደሚገምት ነጋዴ ነው። ርዝመቱ 11 ክንድ፣ ወርዱ 2 ክንድ የሆነ ድርብ ኩታ እንደ ሆነ፣ ዳሩ ደማቅ ቀይ መሆኑን፣ ጥሩው በከተማዋ ውስጥ እንኳ በአማካይ 8 ጠገራ ብር ያወጣ እንደ ነበር ጽፏል። ጥጡ ረጅም ጭረት ያለው፣ ልስላሴው ሐር የሚመስል፣ ለብርድ ወራት የሚሞቅ ነው ይላል። ፈትሉ የሴቶች ሥራ ሲሆን ሽመናውን ወንዶችም ሴቶችም ይሠሩት እንደ ነበርም መዝግቧል። በጥራት ከሸዋው ሸማ ጋር አስተካክሎት፣ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ከሚያወጡት ጨርቅ ግን በውበትም በጥንካሬም እጅግ የላቀ ነው ብሎ ፈርዶለታል። ከሐረር ወደ ውጭ ከሚላኩት ሸቀጦች መካከልም ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱና ከማሩ ጋር ሸማውን ይቆጥረዋል።

አንድ ጥንቁቅ አንባቢ የአሥር ቀን እንግዳ ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በርተን ስለ ሐረር ሰዎች ጠባይና ስለ አሚሩ አስተዳደር የጻፈው ብዙ ነገር በዘመኑ የአውሮፓውያን ንቀት የተበከለ ነው፤ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ስለ ሸማው የጻፈው ግን ሌላ ክብደት አለው። በርተን የመጣው ከሕንድ መንግሥት ፈቃድ ተሰጥቶት የአገሩን ንግድ ሊያጠና ነበር። የገዛ አገሩ ዋነኛ የኢንዱስትሪ ውጤት የጥጥ ጨርቅ በሆነበት ዘመን፣ የሐረር ሸማኔ ከአውሮፓ ፋብሪካ ይበልጣል ብሎ መጻፍ ለአገሩ ሸቀጥ የሚጠቅም ቃል አልነበረም። ሰው ከጥቅሙና ከዝንባሌው በተቃራኒ የሚሰጠው ምስክርነት ከሌላው ይልቅ ይታመናል። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐረር እጅግ ጥሩ ሸማ ትሠራና ትሸጥ ነበር ማለት ድፍረት አይሆንም።

ከዚህ ምስክርነት ውስጥ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነጥብ ነው። በርተን ወደ ሐረር የሚገቡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር በመጀመሪያ የሚጠቅሰው የአሜሪካን የጥጥ ጨርቅ ነው፤ በአገራችን በኋላ አቡጀዴ ተብሎ የታወቀውን ዓይነት። ከእርሱ ጋር ነጭና ቀለም የተነከሩ ሌሎች የጥጥ ጨርቆች፣ ስስ ጨርቅ፣ ቀይ ሻሽና ሐር ይገቡ ነበር። ስለዚህ የሐረር ሸማ በዝናው ጫፍ ላይ በነበረበት ሰዓት የፋብሪካ ጨርቅ እዚያው ገበያ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ሸማው የጠፋው ተወዳዳሪ በድንገት ስለ መጣ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዘመን መዳከም በጀመረ ነበር። ሁለቱ ለጊዜው ጎን ለጎን የኖሩት የሚገዛቸው ሰው የተለያየ ስለ ነበር ነው፤ አቡጀዴው ለዕለት ልብስ፣ ሸማው ለክብር ልብስ። ይህን ሚዛን ያዛባው የክብር ልብስ የሚለብሰው የከተማዋ ሰው ኑሮ መናጋቱ፣ ነጋዴውም ክብርን ራሱን በፋብሪካ ጨርቅ ማስመሰል መቻሉ ነው።

የሐረር ነጻ አሚርነት በ1868 ዓ.ም. በግብፆች እጅ ወደቀ። ግብፆች ከከተማዋ እስከ ወጡበት እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ ባለው ጊዜ፣ ቀድሞ ለውጭ ሰው ተዘግታ የኖረችው ሐረር ለአውሮፓና ለእስያ ነጋዴዎች ተከፈተች። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳዩ ባርዴ የንግድ ድርጅት ቅርንጫፉን ከፈተባት፤ ከሠራተኞቹ አንዱም በግጥሙ ዓለም ያወቀው አርተር ራምቦ ነበር። ራምቦ ስለ ሐረር ካስቀረው ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው በነሐሴ 1875 ዓ.ም. ለአሠሪዎቹ የላከው የንግድ ሪፖርት ነው። በዚያ ሪፖርት፣ እንደ ሸራ የጠነከረ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በአውሮፓ እንዲሠራ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሰንበር በርዝመቱ እንዲወርድበት፣ ከዚያም በላከው ናሙና ልክ 500 ሱሪ እንዲሰፋ ይጠይቃል። ይህን ያለበት ምክንያት በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ሰንበር ያለው ልብስ አስቀድሞ የተወደደ መሆኑን ስላየ ነው። የማስመሰሉ ዘዴ እነሆ በጽሑፍ ቀርቧል። ነጋዴው ሕዝቡ የሚወደውን መልክ ከሸማኔው ወስዶ በባዕድ ፋብሪካ ያሠራል፤ ገዢው የለመደውን ሰንበር እስካገኘ ድረስ ማን ሸመነው ብሎ አይጠይቅም። እዚህ ላይ ሸማኔው የሚሸነፈው በዋጋ ብቻ አይደለም፤ የእርሱ መለያ የነበረው መልክ ከእጁ ስለ ወጣም ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉ። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂ ተሸንፈው ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ፣ የሸማው ዋነኛ ለባሽ የነበረው የከተማዋ ገዢ ክፍል ሥልጣኑን አጣ። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረርን ሳይነካ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ የውጭ ጨርቅ ከወደብ እስከ ደጃፏ በቀናት ውስጥ የሚደርስ ሸቀጥ ሆነ፤ የሲራራ ነጋዴዎቿ ማዕከልነትም ወደ ቆላዋ ከተማ ወረደ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ። ጥጥ ያበቅሉ የነበሩት ኮረብታዎችም ይበልጥ ገንዘብ ለሚያመጡት ለቡናና በኋላም ለጫት ተለቀቁ። ጥጡ ሲርቅ ፈትሉ ይደክማል፤ ፈትሉ ሲደክም ሸማኔው የሌላ ሰው ድርና ማግ ጠባቂ ይሆናል። በየደረጃው ከታየ እያንዳንዱ ውሳኔ ለሚወስነው ሰው ምክንያታዊ ነበር። በድምሩ ግን ለዘመናት የተከማቸ ጥበብ ማንም ሳያለቅስለት አለፈ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉም ነገር በዋጋ የሚገለጽ ከሆነ ስለ ባህልና ስለ ግዴታ ማውራት ለምን ያስፈልጋል? ርካሽ ጨርቅ መጣ፣ ውድ ጨርቅ ጠፋ፣ አለቀ። ለዚህ መልሱ የሐረር ሴቶች ልብስ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በርተን ያያቸው ሴቶች ሰፊ፣ እጀ አጭር፣ በጥቁር ሰማያዊ ወይም በቡናማ ቀለም የተነከረ ቀሚስ ይለብሱ ነበር፤ በደረቱና በጀርባው ላይ ጫፉ ወደ ታች የወረደ ቀይ ሦስት ማዕዘን አለበት። ጸጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ በሁለት ከፍለው በስስ ጨርቅ ወይም በመረብ ይሸፍኑት ነበር። ጌይ ኢራዝ የሚባለው የጥንቱ ቀሚስና ጉፍታ የሚባለው የጸጉር መሸፈኛ ዛሬም በሐረሪ ሰርግና በዓል ላይ ይታያሉ። ልብሱ ስለዚህ አልሞተም፤ ርካሽ ጨርቅ ሊገድለው አልቻለም፤ ባህሉ አጥብቆ ይዞታልና። የሞተው ጨርቁን የሚሸምነው ሙያ ነው። ባህሉ ሙሽራዪቱ እንዲህ ያለ ቀሚስ ትልበስ ይላል እንጂ ጨርቁን የሐረር ሰው ይሸምነው አይልም። በዚህ ክፍተት የውጭው ጥጥ፣ ከዚያም አትላስ የተባለው አንጸባራቂ ሐር ገባ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወርደው መኪና ግርግር በተባለው መንገድ ዳር የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎችም ያንኑ የጥንት ልብስ ከባዕድ ጨርቅ ይሰፉታል። ባህል ዕቃውን አዳነ፤ ሙያውን አላዳነም። ዋጋ ብቻውን ይህን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም።

አሁን ወደ ስፌቱ እንምጣ። ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ሲገቡበት የሚያሳየው ሰፊ ክፍል ነው፤ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች እንደ ዕድሜና እንደ ክብር መቀመጫ ሆነው ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራል። ከጎን ያለችው ቂርጣት የምትባለው ትንሽ ክፍል የሙሽሮች ናት። በዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታና ትርጉም አለው፤ በግድግዳው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ በመጠንና በቅርጽ ተስተካክሎ የሚሰቀለው ስፌትም እንዲሁ። ሙዳዩ፣ ዳቦና እንጀራ የሚያዝበት ባለ ክዳኑ፣ ዝርግ ሳህኑ እያንዳንዱ ስምና ሥራ አለው። ሀማት ሞት የሚባለው ክዳነ ሾጣጣ ስፌት በስሙ እንደሚታወቀው ከአማት ጋር የተያያዘ ነው፤ በሁለት ቤተሰቦች መካከል በሰርግ ጊዜ የሚመላለሰው ስጦታ አካል ነው። የቤቱ ግድግዳ ለሚያነበው ሰው የሴቲቱን ሙያ፣ የእናቷን አስተዳደግ፣ የቤተሰቡን ዝምድና ይናገራል።

ወሳኙ ነገር ይህ ግድግዳ በጥንቱ ሥርዓት በግዢ የሚሞላ አለመሆኑ ነው። አንዲት ልጅ ለጋብቻ ስትደርስ ስፌት መስፋት መቻሏ ይጠበቅባት ነበር። ልጃገረዶች በአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት እየተሰበሰቡ የሚማሩበት ሥርዓት ሞይ ጋር ይባላል። እዚያ ሣሩን መምረጥ፣ መሰንጠቅ፣ ማቅለም፣ ወስፌ መያዝ፣ ከመሃል ጀምሮ በክብ እየዞሩ ጥልፉን ሳይስቱ መቁጠር ይማራሉ። የስፌት ጌጥ በወረቀት ላይ አይነደፍም። ጌጡ በቁጥር ነው የሚወጣው፤ በእያንዳንዱ ዙር ስንት ስፌት በቀይ፣ ስንት በጥቁር እንደሚሄድ ሰፊዋ በአእምሮዋ ትይዛለች። አንድ ስህተት ዙሩ በሰፋ ቁጥር እየሰፋ ስለሚሄድ መደበቅ አይቻልም። እንዲህ ያለው እውቀት ዓመታትና ከጎን የምትቀመጥ መምህርት ይፈልጋል። ሞይ ጋር ይህን ጊዜና ይህችን መምህርት የግድ አደረገ። ለሰርግና ለለቅሶ የሚረዳዱት የሴቶች አፎቻዎች ደግሞ ሥራውን የሚያዩና የሚመዝኑ ዓይኖች ነበሩ። ባህሉ እዚህ ላይ ዕቃውን ብቻ አልጠየቀም፤ መሥራቱንም ጠየቀ። የሸማና የስፌት ዕጣ የተለያየው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ስፌት የተረፈው ተወዳዳሪ ስላልነበረው ነው የሚለው መልስም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይፈርሳል። ከውጭ የመጣው ጎድጓዳና ዝርግ የብረት ሳህን፣ አበባ የተሳለበት ቀለም ቅብ ዕቃ፣ በኋላም ፕላስቲክ ስፌት የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ማለት ይቻላል ሊሠራ ይችላል። ይታጠባል፣ አይቀጭምም፣ ርካሽ ነው። የሐረር ቤቶችም አልገፉትም። ሳህኖቹ ገብተው በግድግዳው ላይ ከስፌቱ ጎን ተሰቀሉ፤ ዛሬም በብዙ ቤቶች ሁለቱ አብረው ይታያሉ። ሳህኑ ግን የስፌቱን ቦታ ሊወስድ አልቻለም። አማት ለምራቷ፣ እናት ለልጇ የምታሳየው የእጅ ሙያ በሳህን አይተካም። ፋብሪካው ዕቃ ሊሠራ ይችላል፤ አንዲት ልጅ ሙያ መማሯን ግን ሊመሰክርላት አይችልም። ስፌት በኢኮኖሚ ረገድ ከሸማ የባሰ ተጋላጭ ሆኖ ሳለ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሥርዓት ከባድ ፈተናዎችንም ተሻግሯል። በ1940 ዓ.ም. በሐረር ላይ በደረሰው የፖለቲካ አፈና ብዙ የሐረሪ ቤተሰቦች ከተማቸውን ለቀው አዲስ አበባ ገቡ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ በዙሪያው እርሻ የነበራቸው የከተማዋ ሰዎች ገቢያቸውን አጡ፤ ተጨማሪ ሰው ተሰደደ። ዛሬ የሐረሪ ተወላጆች ከመርካቶ እስከ ቶሮንቶ ተበትነው ይኖራሉ። ሸማኔ ሲሰደድ የሚሸመንበት ዕቃው፣ ጥጡና ደንበኛው ከኋላ ይቀራሉ። ስፌት የምታውቅ ሴት ግን ሙያዋን በጣቶቿ ይዛ ትሄዳለች፤ የምትሠራበት ምክንያትም፣ ማለት ሰርግና ቤት፣ አብሯት ይሰደዳል። ማኅበራዊ ግዴታ ከመሬትና ከገበያ ይልቅ ሩቅ ይጓዛል።

ነገሩ የሐረር ብቻ አለመሆኑን ለማየት የስኮትላንድን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ታርታን የሚባለው ባለ አራት ማዕዘን ሰንበር የሱፍ ጨርቅ የተራራማው አገር ሰዎች ልብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1746 ከከሸፈው ዐመፅ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የተራራማውን አገር ልብስ በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባዘጋጀው በዓል ታርታን የአገር ክብር ምልክት ሆኖ ተመለሰ። የተመለሰው ግን መልኩ ነው። እያንዳንዱ ጎሣ የራሱ የተወሰነ ሰንበር አለው የሚለው ሥርዓት በአብዛኛው የጸናው በዚያው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ጨርቁን በብዛት ያቀረቡት ፋብሪካዎች ናቸው። በአንጻሩ በዚያው አገር በምዕራብ ደሴቶች የሚሠራው ሃሪስ ትዊድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ ሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ይህን ስም ሊይዝ የሚችለው በደሴቶቹ ነዋሪዎች በየቤታቸው በእጅ የተሸመነ፣ ሱፉም እዚያው የተነከረና የተፈተለ ጨርቅ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ታርታን ዛሬ በዓለም ሁሉ ይለበሳል፤ በየትኛውም አገር ፋብሪካ ሊሠራ ይችላል። ሃሪስ ትዊድ ግን ያለ ደሴቶቹ ሸማኔዎች ሊኖር አይችልም። አንደኛው መልክን፣ ሁለተኛው ሙያን አዳነ። በሐረር በቀሚሱና በስፌቱ መካከል ያየነው ልዩነት ራሱ ነው።

ይህን ታሪክ ማንሣት ዛሬ የሚያስፈልገው ስፌቱ ራሱ ወደ ሸማው መንገድ መግባት ስለ ጀመረ ነው። ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ሞይ ጋር የነበረውን ቦታ አጥቷል። ለሰርግ የሚያስፈልገው ስፌት እየተገዛ ወይም ለሌላ ሰፊ እየታዘዘ መምጣቱ ተለምዷል። ቱሪስት በሻንጣው የሚይዘውን ትንሽና ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ይፈልጋል፤ ሰፊዋም የምትሠራው ለዚያ ነው። ባህሉ አሁንም ግድግዳው ይሞላ ይላል፤ ማን ይሥራው የሚለውን ጥያቄ ግን መተው ጀምሯል። በቀሚሱ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። ስፌት በግድግዳው ላይ እንዳለ፣ በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ እንዳለ፣ በፌስቲቫሉ መድረክ ላይ እንዳለ ሙያው ከሥሩ ሊደርቅ ይችላል። ይህን አደጋ ለማየት የሚያስቸግረውም ዕቃው በብዛት ስለሚታይ ነው።

ለዚህ ክርክር የሚቀርቡ ሦስት ተቃውሞዎች መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ያ ግዴታ በልጃገረዶች ላይ የተጫነ ሸክም አልነበረምን? ነበር። የልጅቱ ዋጋ በእጇ ሥራ ብቻ የሚመዘንበትን ዘመን የሚመኝ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ትምህርት ቤቱ ከሞይ ጋር መቅደሙም ትክክል ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ሙያው ይጥፋ የሚለው መደምደሚያ አይደለም። የሚከተለው፣ ሙያውን የግድ ያደርገው የነበረው የጋብቻ ጫና በሌላ፣ በፈቃድና በክብር ላይ በቆመ ሥርዓት ይተካ የሚለው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የገበያ ነው፤ ሰፊዋ ልጆቿን የምታሳድገው ለቱሪስት በምትሸጠው ነውና ገበያውን መንቀፍ እንጀራዋን መንፈግ ነው ይባላል። ገበያውን የሚነቅፍ የለም። የሐረር ሸማም የኖረው በገበያ ነበር፤ የጠፋውም ከገበያው በቀር ሌላ ምሰሶ ስላልነበረው ነው። ሰፊዋ ከገበያው ተጠቃሚ የምትሆነው ሥራዋ በሌላ ቦታ በማሽን ወይም በርካሽ ጉልበት ሊመሰል የማይችል ሆኖ ሲቀጥል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የባለቤትነት ነው። ስፌት የሐረሪዎች ብቻ አይደለም፤ የኦሮሞና የአርጎባ ሴቶችም ይሰፋሉ፤ ሣሩም የሚመጣው ከገጠር ነው ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ክርክሩንም ያጠነክረዋል። የጁገል አምስት በሮች የከተማዋ አጥር ብቻ ሆነው አያውቁም፤ ገጠሩና ከተማው የሚገናኙባቸው መተላለፊያዎችም ናቸው። ሣሩን አጭደው፣ ተሸክመው የሚያመጡት የገጠር ሴቶች ከሌሉ የከተማዋ ሰፊ ባዶ እጇን ትቀራለች። ከሐረር በስተ ደቡብ ምሥራቅ በኤረር ሸለቆ አናት ላይ ባለችው በአርጎባዎቹ የኮረሚ መንደር የድንጋይ ቤቶቹም የሴቶቹ ስፌትም የጁገልን ዝምድና ይመሰክራሉ። የጥጡ ታሪክ ያስተማረን ጥሬ ዕቃው ሲርቅ ሙያው እንደሚከተለው ነው። ስለዚህ ስፌትን መጠበቅ ማለት ሣሩ የሚበቅልበትን ሜዳና የምታጭደውን ሴት መጠበቅ ጭምር ነው፤ ቅርሱን የአንድ ወገን ብቻ አድርጎ መያዝ ሥሩን መቁረጥ ይሆናል።

ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች፤ የሸዋሊድ በዓሏም በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። ግንቡም በዓሉም ጥበቃ ይገባቸዋል። ግን መዝገብ ብቻውን ጣትን ሥራ አያስተምርም። ለሐረር ቡና የተደረገውን እናስታውስ። ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች የንግድ ምልክት አድርጋ በውጭ አገሮች ለማስከበር ተከራክራለች፤ በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር እስከ መስማማት ደርሳለች። የሐረር ስፌትም በእጅ፣ በአገሩ ሣር፣ በአካባቢው ሰፊዎች የተሠራውን ብቻ የሚለይ በሕግ የተጠበቀ ምልክት ይገባዋል። የክልሉ ትምህርት ቤቶች ሞይ ጋርን በአዲስ መልክ ሊያስገቡት ይችላሉ፤ ወንድ ሴት ሳይል፣ ባለሙያ እናቶችን ደመወዝ ከፍሎ መምህር አድርጎ። የስፌት ቁጥር የሒሳብ ትምህርት ሊሆን የሚችል ጥልቅ እውቀት ነውና ጊዜ ማባከን አይሆንም። ሙዚየሞችና የባህል ማዕከሉም ስፌትን ሲያሳዩ የሰፊዋን ስም፣ የፈጀባትን ጊዜና የጌጡን ሥርዓት አብረው ይጻፉ፤ ሥራ የሚከበረው ሠሪው ሲታወቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ውሳኔው በየቤቱ ነው። ሐረር ውስጥም ሆነ በስደት ያሉ ቤተሰቦች ለሰርግ ግድግዳ ሲያስጌጡ ስፌቱን ሁሉ ገዝቶ ከመጨረስ፣ ቢያንስ አንዱን ሙሽራዋ ወይም ሙሽራው ከእናት ወይም ከአያት ተምረው በእጃቸው እንዲሠሩት ያድርጉ። አንድ ስፌት ለአንድ ጋብቻ ብዙ አይደለም። የሐረርን ሸማ ያጣነው ማንም ሊያጠፋው ስለ ፈለገ አይደለም፤ ከልጆች ሽመናን የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ስፌቱን ማቆየት የምንችለው አሁንም ከልጆቻችን መሥራቱን ስንጠብቅ፣ ለሚሠሩትም ጊዜና ተገቢ ዋጋ ስንሰጥ ብቻ ነው።